የአርባ ቀን ዕድልና የሕዋስ ፊደል

«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው።» ይህን አባባል ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ፅንስ በአርባ ቀኑ ዕድሉ ይጻፍለታል፤ አንዴ የተጻፈ ደግሞ አይፋቅም ይባላል። ሀብታም የሆነው ስለ ተጻፈለት፣ ድሀ የሆነው ስለ ተጻፈበት፣ በልጅነቱ የሞተውም መስመሩ አጭር ስለ ነበረ ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን፤ ያለፈ ዘመን አስተሳሰብ ነው ብለን እንተወዋለን። ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ግን ያን ፈገግታ አጥፍቶብኛል። ይህን የምጽፈውም ከክርክሩ የተረፈኝን ሐሳብ ለእናንተ ለማካፈል ነው።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። የሥነ ሕይወት ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ሕዋስ (ሴል ብንለውም ያው ነው) ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ሲማር ውሎ መጣና ደብተሩን አልጋው ላይ ወርውሮ፣ «አያቶቻችን ልክ ነበሩ እኮ!» አለ። «የተሳሳቱት ቀኑን ብቻ ነው። አርባ ቀን አይጠበቅም፤ የእናትና የአባት ዘር በተገናኙበት ሰዓት ሁሉም ነገር ተጽፎ ያልቃል።» ሕግ የሚያጠናው ደግሞ ቀበል አድርጎ፣ «እንግዲያውስ ፍርድ ቤቱ ይዘጋ! ሁሉም የተጻፈበትን ከሠራ ማን ይከሰሳል?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ጥያቄው እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ለምን እንዳልለቀቀኝ ልንገራችሁ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአክስቴ ሦስተኛ ልጅ ሞተ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ታናሹ ሲወለድ ጡት ተከለከለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚበላው ከትልልቆቹ ጋር የማሽላ ቂጣ ነበር፣ እሱም ሲገኝ። እግሩ አበጠ፤ ፊቱ ሞላ፤ ጠጉሩ ቀላ፤ መጫወት ተወ። እብጠቱን ያየ ጎረቤት «ወፈረ» እያለ ደስ ይለው ነበር። ሲሞት ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» አለ። እኔም አልኩ። የተማረ ነው ተብዬ አክስቴ አጠገብ ተቀምጬ በገዛ አፌ፣ «ዕድሉ ነው፤ አያልቅሱ» አልኳቸው። እሳቸውም እጄን ይዘው፣ «አዎን ልጄ፣ የተጻፈለት ይኸው ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ለእኔ የፍልስፍና ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጓደኛዬ ልክ ከሆነ ያን ቀን እውነት ተናግሬአለሁ። ልክ ካልሆነስ፣ ምን ነበር ያልኩት?

እስቲ አስቀድመን ተጻፈ የሚባለውን ነገር ራሱን እንመርምር። በሕዋሳችን አስኳል ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር አለ። ዋትሰንና ክሪክ፣ የሮዛሊንድ ፍራንክሊንን የኤክስሬይ ፎቶግራፍ ጭምር ተጠቅመው፣ የዚህን ክር ቅርጽ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ፊደሉ አራት ብቻ ነው። እነዚህ አራት ፊደላት በ3 ቢሊዮን ገደማ ቦታ ላይ እየተመላለሱ ተደርድረዋል። ሦስት ሦስት ፊደል አንድ ቃል ይሆናል፤ አራት ፊደል በሦስት ቤት ሲደረደር 64 ቃል ይወጣዋል። 61ዱ ቃላት አሚኖ አሲዶችን ይጠራሉ፤ የቀሩት ሦስቱ «እዚህ ላይ አቁም» ይላሉ። አሚኖ አሲዶቹ 20 ናቸው። ፕሮቲን ማለት እነዚህ 20 ነገሮች በተጻፈው ተራ ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ጡንቻችን፣ በደማችን ውስጥ አየር የሚሸከመው ነገር፣ ምግብ የሚፈጩት ኤንዛይሞች፣ ሁሉም ፕሮቲኖች ናቸው። ከቃላቱ የመጀመሪያውን ኒረንበርግና ማታይ እ.ኤ.አ. በ1961 ፈቱ፤ በ1966 መዝገበ ቃላቱ ተሟላ።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዋናው መጽሐፍ ከዕቃ ቤት አይወጣም። የሚፈለገው ምዕራፍ ብቻ በቁም ጸሐፊ እጅ ይገለበጣል፤ ግልባጩም መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። ግልባጩ ከአስኳሉ ወጥቶ ራይቦሶም ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ራይቦሶሙ ቃል በቃል እያነበበ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቃል ሲነበብ ያንን ቃል የሚያውቅ ተሸካሚ አርኤንኤ አሚኖ አሲዱን በጀርባው አዝሎ ይመጣል፤ ሸክሙን ከሰንሰለቱ ጫፍ ያስቀጥልና ባዶውን ይመለሳል። በእኛ ሕዋስ ውስጥ ይህ በሴኮንድ አምስት ያህል ጊዜ ይደረጋል። ሊቃውንቱ የመጀመሪያውን ሥራ ግልበጣ፣ ሁለተኛውን ትርጉም ይሉታል። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ መሆኑን ስለሚያውቅ አይደነቅም።

እስከዚህ ድረስ ጓደኛዬ ያሸነፈ ይመስላል። ጽሑፉ አለ፤ ከእኛ ፈቃድ በፊት ተጽፏል፤ የጻፍነውም እኛ አይደለንም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ መጽሐፉ ሁሉ በሁሉም ቦታ አይነበብም። የጉበት ሕዋስና የዓይን ሕዋስ የያዙት መጽሐፍ አንድ ነው፤ የተለያዩት የሚያነቡት ምዕራፍ ስለሚለያይ ነው። ዣኮብና ሞኖ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት፣ አንዲት ባክቴሪያ እንኳ የወተት ስኳር በአካባቢዋ ከሌለ ያን ስኳር የሚፈጨውን ኤንዛይም ለመሥራት አትደክምም። ስኳሩ ሲመጣ ምዕራፉ ይገለጣል። ስለዚህ ምን እንደሚነበብ የሚወሰነው በመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን በውጭ ባለው ነገር ጭምር ነው።

ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጽሑፍ ትእዛዝ እንጂ ስንቅ አይደለም። «ላይሲን አምጣ» የሚል ቃል ላይሲንን አይፈጥርም።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በቀይ ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከአራት ሰንሰለቶች ይሠራል። ከእነዚህ ቤታ የሚባለው 146 አሚኖ አሲዶች አሉት። በስምንተኛው ቦታ ላይ ያለው ላይሲን ነው፤ ጽሑፉ እዚያ ላይ ኤ-ኤ-ጂ ይላል። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ላይሲን በጠቅላላው 11 ቦታ ይጠራል። ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ብዙዎቹን ሰውነታችን ከሌላ ነገር ለውጦ ሊሠራቸው ይችላል፤ ዘጠኙን ግን አይችልም። ከምግብ ካልመጡ የሉም። ላይሲን ከነዚህ ከዘጠኙ አንዱ ነው።

ታዲያ በገበታው ላይ ላይሲን ከሌለ ምን ይሆናል? ፊደሉ አይለወጥም። ግልባጩም በደንብ ተገልብጧል። ራይቦሶሙ ስምንተኛው ቃል ላይ ደርሶ ይጠራል፤ የሚመጣው ተሸካሚ ግን ባዶ ጀርባውን ነው ያለው። ባዶ ተሸካሚዎች ሲበዙ ሕዋሱ ይህንኑ የሚያውቅበት ዘዴ አለው፤ ሥራው ሁሉ በዝግታ እንዲሄድ ያዛል። ሰውነትም የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ፣ ከዚያ የሚገኘውን አሚኖ አሲድ ይበልጥ ለሚያስፈልጉት ክፍሎች ያከፋፍላል። ቤቱ እንዳይወድቅ ግድግዳውን እየነቀለ ያነዳል እንደ ማለት ነው። ይህ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ለሁልጊዜ ግን አይሠራም።

የአክስቴን ልጅ የገደለውን በሽታ ስም የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም በዛሬዋ ጋና ስትሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣችው ጽሑፍ ኳሺዮርኮር ብላ ጠራችው። ስሙን የወሰደችው ከጋ ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም ታናሹ ሲወለድ ከቦታው የተነሣውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። የጋ እናቶች ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ነገሩን አይተውት ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ምክንያቱ የፕሮቲን ማነስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ተላላፊ በሽታም ሌላ ጉድለትም እንደሚጨመርበት ያስተምራሉ። ሆኖም የምግቡ ጉዳይ ከመካከሉ አልወጣም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ገበታ እንምጣ። ላይሲን በእህል ውስጥ ያንሳል፤ በስንዴም፣ በበቆሎም፣ በተለይ በማሽላ። በባቄላ፣ በአተር፣ በምስርና በሽምብራ ውስጥ ግን በደንብ አለ። ጥራጥሬው በበኩሉ ሜታዮኒን የሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ እሱን ደግሞ እህሉ ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ መብላት የድሀ ምግብ እየተባለ ይናቃል እንጂ፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው የሚሞላበት ገበታ ነው። ስንዴና ባቄላ አብሮ የተቀቀለበት ንፍሮም እንደዚሁ።

ንፍሮ ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአክስቴ ልጅ የተቀበረ ዕለት ከቀብር ስንመለስ በየቤቱ የተቀቀለ ንፍሮ በሰፌድ ቀረበ። ስንዴና ባቄላ ነበር። ሁላችንም በላን፤ እኔም ሁለት ጊዜ ዘገንኩ። ለልጁ ያልደረሰው ባቄላ ለለቅሶው ደረሰ። ጎረቤቶቻችን ክፉዎች አልነበሩም፤ ያን ንፍሮ ያመጡት ከጓዳቸው ቀንሰው ነው። ሞት ሲጠራቸው ወዲያው መጡ። ከሞት በፊት ግን የጠራቸው አልነበረም፤ የልጁ እብጠት ጥሪ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረማ! ባቄላው በመንደሩ ውስጥ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ዕድሉ ነው» ያልኩበት አፌ ይጎመዝዘኛል።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ አልተረታም። «አንተ ያነሣኸው በደንብ ተጽፎ ስንቅ ያጣውን ነው። ከመጀመሪያው በመጥፎ የተጻፈውስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንደዚያ የሚወለዱ አሉና። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባል በሽታ አለ። በዚህ በሽታ ፊኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚለውጠው ኤንዛይም ጽሑፉ ተበላሽቷል። በሽታውን ኖርዌያዊው ሐኪም ፎሊንግ እ.ኤ.አ. በ1934 አገኘው፤ ያ አሚኖ አሲድ በደም ውስጥ እየተከማቸ የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። ከዚህ የበለጠ «የተጻፈ» ነገር ከየት ይመጣል? ዳሩ ግን ሆርስት ቢከልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳስታወቁት፣ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ያ አሚኖ አሲድ የተቀነሰበት ምግብ አዘጋጅተው ለአንዲት ሕፃን ሰጡ፤ ልጅቱም ተሻላት። ዛሬ በብዙ አገር ሕፃን እንደ ተወለደ ከተረከዙ ጠብታ ደም ተወስዶ ይመረመራል፤ በሽታው ያለበት ከመጀመሪያው ሳምንታት ጀምሮ ልዩ ምግብ እየተሰጠው እንደ እኩዮቹ ያድጋል፣ ይማራል። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አልተፋቀችም። የተለወጠው ገበታው ነው።

ሁሉም እንዲህ ይቃናል አልልም። ምንም ገበታ የማያቃናው ጽሑፍም አለ፤ ያንን መካድ ሌላ ውሸት ነው። የምለው ይህን ነው፦ በፊደሉና በሥጋው መካከል ክፍት ቦታ አለ። በዚያ ቦታ የሚገቡት ገበታው፣ እናቲቱ፣ ጎረቤቱ፣ ገበያው፣ መንገዱና መንግሥቱ ናቸው። የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ፊደሉን ማንም አይከስሰውም። ክፍቱን ቦታ ግን ማን እንዴት እንደ ሞላው ይጠየቃል። የሕጉ ጓደኛችን ፍርድ ቤቱን ገና አይዝጋ።

ይህ ነገር ከአንድ ቤተሰብ ወደ አገር ሲወጣ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ በላይሲን የበለጸጉ ሁለት ብቻ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ተራ ማሽላ በ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም ገደማ ላይሲን ሲኖረው፣ እነዚህ ከ3 ግራም በላይ ነበራቸው። ሁለቱም የመጡት ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ነው። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ ምርቱ አነስተኛ መሆኑን እያወቀ ከሌላው ጋር ጥቂት ጥቂት እየዘራ በእሸትነቱ ጠብሶ ይበላው ነበር። ስም እንኳ አውጥቶለታል፤ «ወተት በጉንጬ» ይለዋል። ሳይንስ በመሣሪያ ያገኘውን እሱ በምላሱ አግኝቶት ነበር ማለት ነው።

ዓመቱን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. 1973 በእኛ 1965 እና 1966 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ በላይሲን የበለጸገው ማሽላ የወሎ መሆኑ በተጻፈበት ዓመት የወሎ ሕዝብ በረኃብ ይረግፍ ነበር። ያ ማሽላ በብዛት ቢዘራ ኖሮ ረኃቡ አይገባም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ዝናብ ሲጠፋ «ወተት በጉንጬ»ም ይደርቃል። የምለው ዕውቀቱ፣ ዘሩና እህሉ በዓለም ላይ ነበሩ፤ ያልነበረው ከተራበው ሰው የሚያደርሰው ተሸካሚ ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው «ድህነትና ረኃብ» በተባለው መጽሐፉ የወሎን ረኃብ መርምሮ፣ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አለመቀነሱን፣ ከወሎም እንኳ ወደ ውጭ የወጣ እህል መኖሩን ጽፏል። የወሎ ገበሬ ሰብሉም ከብቱም ሲጠፋበት የሚገዛበት አጣ። በዚህ የተከራከሩት ምሁራን አሉ፤ ነገሩ ለወራት ተሸፍኖ መቆየቱን ግን የሚክድ የለም። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ መንግሥት እንደገና አየነው።

በሁለቱም ጊዜ ስንቱ ሰው «ምን ይደረግ፣ ዕድላቸው ነው» ብሎ እህሉን በጎተራው እንደ ያዘ መቁጠር አይቻልም።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልገታ። ሁለት ተቃውሞዎች ይነሡብኛል፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። አንደኛው፦ «አንተ እኮ ከሕዋስ ሥነ ምግባር ልታስተምረን ነው» የሚል ነው። አይደለም። ሕዋስ አይራራም፣ አይጨክንም። ከላይ የጠቀስኩት ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አጋጣሚና ስለ አስገዳጅ ሕግ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባው ከተፈጥሮ ሊያነብ አይችልም ወደሚል መደምደሚያ ደርሷል። በዚህ እስማማለሁ። ከሕዋስ የተማርኩት ምን ማድረግ እንዳለብኝ አይደለም፤ ምን ብዬ ማመካኘት እንደማልችል ነው። ተፈጥሮ ግዴታዬን አይነግረኝም፤ ሰበቤን ግን ይወስድብኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብደኛል። «አክስትህ በዚያ ቃል ነው የተጽናኑት። ልጃቸው በባቄላ እጦት ሞተ ብለህ ልትነግራቸው ነው?» አልነግራቸውም። ባለፈው ክረምት ሄጄ ነበር፤ ስለ ልጁ ተነሣና «የአርባ ቀን ዕድሉ» ሲሉ ዝም አልኩ። ውሸት አላሉም። አንዲት እናት ከእጇ የወጣውን ነገር «ዕድል» ስትለው፣ ካላጠፋችው ጥፋት ራሷን ነፃ ማድረጓ ነው። ቃሉ በእሳቸው አፍ ማጽናኛ ነው። ያው ቃል እህል ባለው፣ ሥልጣን ባለው፣ ዕውቀት ባለው ሰው አፍ ሲገባ ግን ማምለጫ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው «ዕድል አለ ወይስ የለም?» ብቻ አይደለም፤ «ማን ነው የሚለው? ሲልስ ምን ይዞ ነው?» ጭምር ነው። ያን ቀን ስድስተኛ ክፍል የነበርኩት ልጅ ምንም አልያዘም ነበርና አልፈርድበትም። ዛሬ ግን ይዣለሁ። እናንተም ይዛችኋል።

ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። ትልቅ ፕሮግራም የለኝም። በክረምት ወደየመንደራችን ስንመለስ፣ ጡት የተከለከለ ልጅ ባለበት ቤት «ከቂጣው ጋር ባቄላ፣ ከአጥሚቱም ጋር ሽምብራ ይጨመርለት» ብሎ መናገር አንድ ነገር ነው። የሌለው ቤት ከሆነ ደግሞ ንፍሮውን ከቀብር በፊት ማድረስ ነው። ከዚያ የሚበልጠውን፣ ጎተራውንና መንገዱን የሚመለከተውን ነገር፣ ከእኔ የተሻሉት የኢኮኖሚክስና የእርሻ ተማሪዎች ይጻፉበት።

የሥነ ሕይወቱ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «አሁንም ተጽፏል እላለሁ» ብሎኛል። እኔም ተጽፏል እላለሁ። ስምንተኛው ቃል ኤ-ኤ-ጂ ነው፤ ላይሲን ይላል፤ ማንም አልፋቀውም። የአክስቴም ልጅ በደንብ ተጽፎ ነበር። ሌላ ሐሳብ ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ።